አያቴ ባሕረኛ ነበሩ ብል ማን ያምነኛል?

ርዕሱ የእኔ አይደለም። የቤተሰባቸውን ታሪክ የሚያፈላልጉ ሰዎች በሚሰባሰቡበት መድረክ ላይ አንዲት ልጅ የከፈተችው ክር ነው። አርባ ምናምን መልስ አግኝቷል። ግማሹ ቁም ነገር ነው፣ ግማሹ ወሬ። ከላይ እስከ ታች አነበብኩትና ላላነበበው ልተርከው ወደድኩ።

ልጅቷ የምትኖረው ሲያትል ነው። በእናቷ በኩል ያሉት አያቷ የባሕር ኃይል ሰው እንደነበሩ ስትሰማ አድጋለች። በእጇ ያለው ማስረጃ ግን አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ነጭ የለበሰ ቀጭን ወጣት ወደብ ላይ ቆሟል። ከኋላው ትልቅ መርከብ አለ፤ ጎኑ ላይ ኤ 01 የሚል ይነበባል። ከፎቶው ጀርባ በእስክሪብቶ ምጽዋ፣ 1959 ተብሎ ተጽፏል። ቤተሰቡ የሚያወራው ደግሞ ብዙ ነው። አያትየው ኖርዌይ ተምረዋል። ጃንሆይ በተሳፈሩበት መርከብ ላይ ሠርተዋል። ደርግ ሲወድቅ በመርከብ ወደ የመን ሄደው እዚያው ቀሩ። ልጅቷ ይህን ለጓደኞቿ ስታወራ ኢትዮጵያ ባሕር የላትም እያሉ ይስቁባታል። ጥያቄዋ አጭር ነው፤ የቱን ልመን፣ የቱንስ የት ላጣራ?

መልስ 1 ቀልድ ነበር። አያቷ ጣና ላይ ታንኳ ቀዛፊ ይሆኑ ይሆናል የሚል ዓይነት። መልስ 2 ሳቀ። እንዲህ ያለ ክር ሁሌም በዚህ ይጀምራል፣ አይገርምም።

መልስ 3 ግን ነገሩን መስመር አስያዘው። የባሕር ኃይል ባልደረባ ልጅ ነኝ የሚሉ፣ በአነጋገራቸው ጎልማሳ የሚመስሉ ሰው ናቸው። ልጅቷን ልጄ እያሉ ነው የሚጽፉላት። ባሕር ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1955 እንደተመሠረተ፣ ሰፈሩ ምጽዋ እንደነበረ፣ በዓመቱ የባሕር ኃይል ኮሌጅ እንደተከፈተ አስረዷት። ካሠለጠኑት የውጭ መኮንኖች መካከል ኖርዌጂያኖች ነበሩ። ስለዚህ አያቷ ኖርዌይ ሄደው ሳይሆን ምጽዋ ላይ በኖርዌይ መኮንኖች ተምረው ሊሆን ይችላል አሉ። ወሬው ከልጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ ሰውየውን ኦስሎ አድርሶት ይሆናል። ስለ ጃንሆይ የሚባለውን ግን አላጣጣሉትም። ንጉሡ ለባሕር ኃይል ቀን ምጽዋ ይወርዱ ነበር፣ የውጭ አገር የጦር መርከቦችም ለበዓሉ ይጋበዙ ነበር። የዚያን ዘመን ባሕረኛ ንጉሡን በቅርብ ማየቱ የሚያስገርም አይደለም።

መልስ 4 አንድ ነገር አረመ። ኃይሉ ራሱን ችሎ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1958 ስለሆነ የምሥረታው ዓመት ሲጠቀስ ሁለቱንም ማወቅ ይጠቅማል አለ። መልስ 5 ከጎልማሳው ሰው መጣ፣ አመስግነው ተቀበሉ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር በጨዋ ደንብ ነበር።

ከክሩ ሁሉ የወደድኩት መልስ 6ን ነው። ጸሐፊው ስለራሱ አንድ ቃል አይናገርም። ፎቶውን ብቻ ነው የሚያየው። ኤ 01 ማለት «ኢትዮጵያ» የምትባለው የባሕር ኃይሉ ትልቋ መርከብ ቁጥር ነው ይላል። መርከቧ ከዚያ በፊት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ንብረት ነበረች፤ ስሟ ኦርካ፣ ሥራዋ በውኃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ማገልገል። ለኢትዮጵያ የተሰጠችው እ.ኤ.አ. በጥር 1962 ነው፣ ያው የእኛ ጥር 1954 መሆኑ ነው። ታዲያ ፎቶው ላይ ያለው 1959 የፈረንጅ ቢሆን መርከቧ ገና የአሜሪካ ናት፣ ምጽዋ ላይ ቆማ ልትነሳ አትችልም። ስለዚህ ዓመተ ምሕረቱ የእኛ ነው። ፎቶው የተነሳው በፈረንጅ ከመስከረም 1966 እስከ መስከረም 1967 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ማለት ነው። በአንድ የመርከብ ቁጥር ብቻ ይህን ያህል አወጣ።

ቀጠለና ሌላ ነገር ጨመረ። ኦርካ እ.ኤ.አ. በ1942 ውኃ የነካችው ሐውተን በሚባል ቦታ፣ ሌክ ዋሽንግተን ዳር ባለ የመርከብ ፋብሪካ ነው። ሐውተን ዛሬ የከርክላንድ ከተማ አካል ነው። ከሲያትል ሐይቁን ተሻግሮ ማለት ነው። የአያቷ መርከብ የተሠራችው ልጅቷ በየሳምንቱ መጨረሻ ልትዝናና ከምትሄድበት ዳርቻ ላይ መሆኑ ነው። መልስ 7 የልጅቷ ነው፣ አብዛኛው ቃለ አጋኖ ነው።

መልስ 8 ላይ ነገሩ መሻከር ጀመረ። አንዱ መጣና የመርከቧ የዕለት መዝገብ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ስላለ እዚያ ሄደሽ የአያትሽን ስም ፈልጊ አላት። መልስ 9 ቆረጠው። የአሜሪካኖቹ መዝገብ መርከቧ የእነሱ በነበረችበት ዘመን ላይ ያበቃል፣ የምጽዋው ወጣት ስም እዚያ ውስጥ ምን ይሠራል? ሳያነቡ ሊንክ የሚለጥፉ ሰዎች ልጅቷን እያደከሙ ነው አለ። ነገሩ ልክ ነው፣ አነጋገሩ ግን የሚያስቀይም ነበር። መልስ 10 የባለ 8 ኩርፊያ ነው፣ እንለፈው።

መልስ 11 የመጣው ለንደን ካለች ሴት ነው። ስለ ስም ነው የጻፈችው። የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም ስለሌለው በውጭ አገር ሰነድ ላይ አያትየው በራሳቸው ስም፣ በአባታቸው ወይም በአያታቸው ስም ሊመዘገቡ ይችላሉ። ሦስቱም ስም ካልተያዘ ፍለጋ አይጀመርም። የላቲኑን አጻጻፍ በተለያየ መንገድ መሞከር ያስፈልጋል። ቤተ ክርስቲያን ከተሄደ ደግሞ የክርስትና ስም ይጠየቃል። በእንግሊዝ መርከብ ተቀጥረው ለሠሩ የቀይ ባሕር ሰዎችም መንገድ አለ ብላለች። እ.ኤ.አ. ከ1863 እስከ 1938 ያሉት የብሪታንያ መርከቦች የሠራተኛ ውሎች አብዛኞቹ ለንደን ሳይሆን ካናዳ፣ ኒውፋውንድላንድ በሚገኘው የሜሞሪያል ዩኒቨርሲቲ ነው የተቀመጡት። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፣ ለንደን ሄዶ ባዶ እጁን ይመለሳል። ለሲያትሏ ልጅ አያት ዘመኑ አይገጥምም፣ ግን ሌሎች አንባቢዎች ወዲያው እንደቀዱት እገምታለሁ።

መልስ 12 አጭርና ጠቃሚ ነው። አዲስ አበባ ዘመድ ካለሽ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ላኪው፣ የ1950ዎቹን አዲስ ዘመን ጋዜጣ ያገላብጥ፣ የምጽዋ ምረቃ ዜና እየተፈለገ ይታይ ይላል። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍትም ሌላው በር ነው።

ከዚያ ክሩ ተንሳፈፈ። መልስ 13 የሰው ትዕግሥት የሚፈትን ነው። ጸሐፊው ዘሩ አፄ ካሌብ በ6ኛው መቶ ዓመት ባሕር ተሻግረው የመን ሲዘምቱ መርከብ ከመሩት ሰዎች እንደሚመዘዝ አስታወቀ። ዘመቻው እውነት ነው፣ አዱሊስም የታወቀ ወደብ ነበር። ግን እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት ስንቆጥር እንኳ አምስተኛው ላይ ቅድመ አያት ይጠፋናል፣ እሱ አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት እንዴት ቆጠረ? መልስ 14 ይህንኑ በጣም ባለጌ በሆነ ቋንቋ ጠየቀ።

መልስ 15 ደግሞ ማሊክ አምባርን ይዞ መጣ፤ ከሐበሻ ምድር ተሸጦ ሕንድ የገባው ታላቁ የባሕር ጦር መሪ ብሎ። መልስ 16 እንዲህ አቃናው። ማሊክ አምባር አሕመድነጋር የሚባለው የሕንድ ግዛት የምድር ጦር መሪና አስተዳዳሪ ነበር። የባሕሩ ዝና የሌሎች ሐበሾች ነው፣ ጃንጂራ በምትባል የሕንድ ደሴት ላይ የነገሡት የሲዲዎች። የጃንጂራን ምሽግ የሕንድ ኃያላን የነበሩት ማራታዎች ደጋግመው ሞክረው ሊይዙት አልቻሉም። እ.ኤ.አ. በ1689 ደግሞ ሲዲ ያቁት መርከቦቹን ይዞ ቦምቤይ ላይ ወርዶ እንግሊዞችን ከበባ ውስጥ አስገባቸው። ሰው ስለ ሐበሻና ስለ ባሕር ማውራት ከፈለገ ይህንን ያውራ። በዚህ እኔም እስማማለሁ። ካሌብን በአጉል ዘር ቆጠራ ከማድከም ጃንጂራን ማንበብ ይሻላል።

መልስ 17 የመላውን ክር ድምፅ ዝቅ አደረገው። ደቡብ አፍሪካ የሚኖር የኦሮሞ ልጅ ነው። በባሕር የሄደ ሁሉ በፈቃዱ እንዳልሄደ ማስታወስ ፈልጎ ነው የጻፈው። እ.ኤ.አ. በ1888 ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ቀይ ባሕር ላይ ባሪያ የጫኑ ጀልባዎችን ያዘች። ውስጣቸው የነበሩት አብዛኞቹ ኦሮሞ ሕፃናት ነበሩ። መጀመሪያ ኤደን አጠገብ ባለ ሚሲዮን ተቀመጡ። አየሩ ስላልተስማማቸው በ1890 ስድሳ አራቱ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል ወደሚባል ትምህርት ቤት ተላኩ። የእያንዳንዱ ልጅ ታሪክ፣ ከየት እንደተያዘና በማን እጅ እንዳለፈ ተጽፎ ቀርቷል። አንዷ ቢሾ ጃርሳ ትባላለች። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር ነው፣ ከማንዴላ ጋር ሮበን ደሴት የታሰረው ምሁር። ጸሐፊው የሚለው፣ ባሕር የተሻገረ ዘመድ የምትፈልጉ ሰዎች የመርከብ ሠራተኛ ዝርዝር ብቻ አትፈልጉ፣ የነፃ የወጡ ሰዎችንም ዝርዝር ተመልከቱ ነው። ሁለት ሰዎች አመሰገኑት። ባለ 13 ስለ ካሌብ ሊቀጥል ሞክሮ ሰሚ አጣ።

መልስ 20 ከንግድ መርከብ ቤተሰብ የመጣች እህት ናት። ሁሉም ባሕር ኃይል ባሕር ኃይል ሲል የኢትዮጵያ ንግድ መርከብን ረሳችሁት ብላ ገባች። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1964 ተቋቋመ። ከመጀመሪያዎቹ መርከቦች ሁለቱ ንግሥተ ሳባና የይሁዳ አንበሳ ይባሉ ነበር። አባቷ ወጥ ቤት ውስጥ ነበሩ። የልጅነቷን ቤት ስትገልጽ ከሰው ይልቅ ዕቃ ይበዛል፤ የውጭ ሳሙና፣ ሬዲዮ፣ የሮተርዳም ፖስት ካርድ። አባትየው ሲመጡ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰባል። በሁለተኛው ሳምንት ቤቱ ይጠባቸዋል፣ መንጎራደድ ይጀምራሉ። እናቷ ያኔ የመሄጃው ቀን እንደደረሰ ታውቃለች፣ ሻንጣውን እሷው ታዘጋጃለች። ባሕረኛ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ብቻ የሚያውቀው ነገር ነው ይሄ። ዘመድ ስንፈልግ መርከቡ ላይ የነበረውን ብቻ ነው የምንጠይቀው። እቤት የቀረችው ሴት የምታውቀው ቀን፣ የምትቀበለው ደመወዝ፣ ያስቀመጠችው ደብዳቤ ከማንኛውም መዝገብ ይበልጣል።

መልስ 21 አንድ ጋጠወጥ መጥቶ ባሕረኛ በየወደቡ ሚስት አለው አለ። እህታችን መልስ 22 ላይ የሰጠችውን እዚህ መድገም አልችልም። ይገባው ነበር።

መልስ 24 ስቶክሆልም የሚኖር ኤርትራዊ ነው፤ አማርኛው የአዲስ አበባ ልጅ አማርኛ ነው። አባቱ እዚያችው «ኢትዮጵያ» ላይ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበሩ። በጥንቃቄ ነው የጻፈው። በመርከቧ ላይ የደጋውም የቆላውም ልጅ አብሮ እንደኖረ፣ ብዙዎቹ ባሕረኞች የኤርትራ ልጆች እንደነበሩ ነገራት። ምጽዋ በየካቲት 1982 በሻዕቢያ እጅ ስትገባ ለባሕር ኃይሉ የቀረው ዋና ወደብ አሰብ ነበር። በግንቦት 1983 እሱም ሲወድቅ መንቀሳቀስ የቻሉት መርከቦች ባሕሩን ተሻግረው ሸሹ። «ኢትዮጵያ» የመን ገባች። ከዚያ በኋላ ወደ ባሕር አልተመለሰችም፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ጅቡቲ የደረሱት መርከቦች ደግሞ የወደብ ኪራይ ሳይከፈልላቸው ከርመው በእኛ መስከረም 1989 ለጨረታ ቀረቡ። የባሕር ኃይሉ ነገር ያኔ አበቃ። እንደገና የተቋቋመው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፣ ዋና መምሪያው ባሕር ዳር። ስለዚህ አያትየው የመን ቀሩ የሚለው የቤተሰብ ወሬ ከታሪኩ ጋር ይገጥማል አላት።

አሰብ የሚለው ቃል ከተጻፈ በኋላ የሚመጣውን ማንም ያውቃል። ከ25 እስከ 29 ያሉት መልሶች ወደብ የማን ነው በሚል ጠብ ተሞሉ። የሲያትሏ ልጅ አያት ተረሱ። ስድብ ነበረ። አድሚኑ ሁለቱን አጠፋ፣ አንዱን ለአንድ ሳምንት አገደ። የስቶክሆልሙ ሰው አንድም ጊዜ አልመለሰላቸውም፣ ጎሽ ብዬዋለሁ። መልስ 30 ላይ እኚያ የመጀመሪያው ጎልማሳ ሰው ብቅ ብለው፣ የሁለቱም አባቶች በአንድ መርከብ ሲኖሩ የእኛ በአንድ ክር መኖር አለመቻል አሳፋሪ ነው ብለው ገሠጹ። ጸጥ አለ።

ያኔ ልጅቷ የደበቀችውን አወጣች። መልስ 31። ሁለተኛ ፎቶ አለ። ምጽዋ ላይ አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ ከአያትየው አጠገብ ቆማለች። ሴትየዋ የልጅቷ ሴት አያት አይደሉም። ልቆፍረው ወይስ ልተወው ብላ ጠየቀች።

ክሩ ለሁለት ተከፈለ። እናት የሚመስሉ ሴት የሞተ ሰው ገበና አይገለጥም፣ አያትሽን በዚህ ዕድሜያቸው አታስለቅሻቸው አሏት። ባለ 9፣ ያ ቆራጩ፣ ያ ሕፃን ዛሬ ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለ ሰው ነው፣ አባቱን የማወቅ መብት የለውም ወይ ብሎ ሞገተ። ሌላው የዲ ኤን ኤ ምርመራ አድርጊ አለ። ሌላው ደግሞ ምራቅሽን ለኩባንያ ሸጠሽ ስታበቂ የዘመዶችሽ ምስጢር አብሮ ይሸጣል አላት። እዚህ ላይ ስለ ምርመራው ዋጋ ረጅም ክርክር አለ፣ ምንም አይጠቅምም። ጥሩውን ጥያቄ የጠየቀችው የንግድ መርከቧ እህት ነበረች። ሴት አያትሽን ጠይቀሻቸዋል ወይ አለች፣ በቃ።

መልስ 38 ላይ ልጅቷ ተመለሰች። ስልክ ደውላለች። ሴት አያቷ ሁሉንም ያውቁ ኖሯል። የሴትየዋን ስም፣ የልጁን ስም፣ ደመወዙ በየወሩ ለሁለት እንዴት ይከፈል እንደነበር ሳይቀር። የተናደዱት በሌላ ነገር ነው፤ የልጅ ልጃቸው ፎቶውን ለማያውቁት ሰው ሁሉ በማሳየቷ። ከኢንተርኔት ላይ አንሺው ብለው አዘዋታል። አነሳችው። ዝርዝሩን እኔም እዚህ አላመጣም።

ከዚያ በኋላ ሰዉ ዘና አለ። አንዱ የምጽዋን የተጠበሰ ዓሣ ናፈቀኝ አለ፤ ሌላው ከባሕር ዳር ዓሣ ጉላሽ ጋር ሊያወዳድረው ሞክሮ ከሦስት ሰው ተቃውሞ ገጠመው። ስለ ጣናነሽ 2፣ ከጅቡቲ በአስፋልት ተጎትታ ጣና ስለገባችው ጀልባ፣ የተጻፈ ቀልድም አለ። ባሕር ዳር የማሪታይም ትምህርት የሚማር ወጣት ደግሞ የድሮዎቹ ባሕረኞች ስንት ይከፈላቸው እንደነበር ጠየቀ። የሚመልስለት አላገኘም።

የመጨረሻው መልስ 43 ነው። ጸሐፊው አጎቱ ለረጅም ዓመታት የየመን ወደብ በሆነችው ሁዴይዳ የኖረ ነው። ከመርከቦቹ ጋር ሄደው ከቀሩት ባሕረኞች አንዳንዶቹን አጎቱ እንደሚያውቅ፣ ስለ ሌሎቹም ሊጠይቅ እንደሚችል ጻፈ። የአያትየውን ስም ከነአባታቸውና ከነአያታቸው፣ ማዕረጋቸውንም ጭምር ፈልጓል። ልጅቷ በውስጥ መስመር ልካለታለች። እኔ ሳነበው ገና መልስ አልመጣም ነበር።